ከበሩ ሥር የቆሙ እግሮች

ሥራዬ ሰው ማሳመር ነው። ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ማተሚያ ቤት ውስጥ ባነር እሠራለሁ፤ የሠርግ፣ የምርቃት፣ የሱቅ፣ ከሁሉም በላይ ግን የሙት ዓመት። ቤተሰብ ከመታወቂያ ላይ የተነሳ የደበዘዘ ፎቶ ይዞ ይመጣል። እኔ ጉንጩን እሞላለሁ፣ ዓይኑን አበራለሁ፣ ከኋላው ሰማይ እዘረጋለታለሁ። አንዳንዱ ሟች ከእኔ እጅ ሲወጣ ሚስቱ እንኳ እንዲያ አምሮበት አታውቀውም። ታዲያ የሱሉልታው ጓደኛዬ "እስቲ የሚያስፈራ ነገር ሥሪልኝ" ሲለኝ ሳቄ መጣ። አስፈሪውን እያጠፋሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ።

ከጓደኛዬ ጋር ኮሌጅ አብረን ነው የተማርነው። ሱሉልታ፣ ወላጆቹ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጦ ብቻውን የኮምፒውተር ጌም ይሠራል። አለቃ የለው፣ ደሞዝ የለው፤ እናቱ ለጎረቤት ስትናገር "ኮምፒውተር ይጠግናል" ትላለች። ጌሙ እንዲህ ነው፤ ተጫዋቹ ሜዳ ዳር የቆመ ጅምር ቪላ የሚጠብቅ ዘበኛ ይሆናል። ባለቤቶቹ የሉም፣ መብራት የለም፣ የሱሉልታ ጭጋግ አጥሩን ውጦታል፣ በጭጋጉ ውስጥ የሆነ ነገር ይዞራል። የዘበኛው ሥራ እስኪነጋ በሩን አለመክፈት ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ሞከርኩት፤ ያም ሆኖ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅዬ ወረወርኩለት። ጥሩ ጌም ነበር። ችግሩ ሽፋኑ ላይ ነው።

ሽፋኑን ራሱ ነበር የሠራው። የራስ ቅል አለ፣ ደም አለ፣ ጨረቃ አለች፣ ጅብ አለ፣ ቪላው አለ፤ ርእሱ ደግሞ በሚንጠባጠብ ቀይ ፊደል ተጽፏል። ይሄ የሚያስፈራ ነው ወይስ የቅዳሜ ገበያ ብዬ ጠየቅሁት። ተቀየመኝ። ጌሙ የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ጌም ተደርድሯል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቦታ ከቴምብር አይበልጥም። ገዢ በጣቱ እያንሸራተተ ያልፋል። ያቺ ቴምብር ካላስቆመችው የጓደኛዬ የዓመታት ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው። ይሄን ሲያስረዳኝ ነገሩ የማውቀው ሥራ ሆኖ አገኘሁት። የጅማ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌርም ባነሬን የሚያየው እንዲሁ እያለፈ ነው።

ለሚያልፍ ሰው የሚሠራ ሥዕል አንድ ነገር ብቻ መናገር አለበት። የሱቅ ባነር ስሠራ አስፋልቱን ተሻግሬ፣ ማዶ ቆሜ ነው የማየው፤ ከዚያ ካልተነበበ እንደገና እሠራዋለሁ። ለሽፋኑም ስልኬን መስኮት ላይ አቁሜ እስከ ግድግዳው እያፈገፈግሁ አየሁ። ዓይን የሌለው ፊት ሠራሁ፤ ከሩቅ ሲያዩት ድንች ሆነ። መስኮት የሚቧጥጥ እጅ ሠራሁ፤ ማበጠሪያ መሰለ። ቀይ ልጨምር አልኩ፤ መደብሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀይ ነው፣ ሁሉም በሚጮኽበት ቦታ ደግሞ ጩኸት አይሰማም። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት "የሠርግ ካርዱን ትተሽ ምንድነው የምታደርጊው?" እያለ እስኪቆጣኝ ድረስ በሥራ ሰዓት ስሠራና ሳፈርስ ከረምኩ።

በመጨረሻ ከጓደኛዬ ጋር ቡራዩ ተቀጣጠርን፤ ለሁለታችንም እኩል ይርቃል። አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ባጃጆቹ አቧራ እያለበሱን፣ የሠራሁትን ሁሉ አየና ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያም ፊልም ላይ ያየሽውን ተይውና አንቺ ራስሽ የምትፈሪው ምንድነው አለኝ። ምንም አልኩት። ዋሽቼ ነው። የምፈራውን ነገር በትክክል አውቀዋለሁ፣ እስከ ሰበታም በታክሲው መስኮት እሱን ሳይ ሄድኩ።

እኔ የምፈራው በር ላይ ዝም ብለው የሚቆሙ ሰዎችን ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ልጅ ነበርኩ። አንድ ማለዳ፣ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ሽንቴ ቀሰቀሰኝና ወደ ግቢ ወጣሁ። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፤ ሥሩን የክረምት ጎርፍ ስለበላው ክፍተት አለው። በክፍተቱ በኩል እግሮች አየሁ። ብዙ እግሮች፣ ጫማ ያደረጉ፣ የማይንቀሳቀሱ። አያንኳኩም፣ አያወሩም፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ እየተጠባበቁ ነው። መርዶ ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ግን አወቅሁ። ሮጬ ተመልሼ እናቴ ጎን ገባሁና የተኛሁ መሰልኩ። እስኪያንኳኩ ድረስ ባለችው በዚያች አፍታ እናቴ ባል ያላት ሴት ሆና ተኝታ ነበር። ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አልቀሰቀስኳትም።

ሽፋኑ እንግዲህ ይኸው ነው አልኩ። ከላይ ጥቁር በር፣ ከሥሩ ቀጭን የንጋት ብርሃን፣ በብርሃኑ ውስጥ የቆሙ እግሮች። ደም የለ፣ ፊት የለ። ወረቀት ላይ በእርሳስ ሞከርኩትና ግድግዳው ድረስ ሄጄ አየሁት፤ ከዚያም ሆኖ ይታያል። ደስ አለኝ ብል ሐሰት አይደለም፤ ሥራ የተሳካለት ሰው ደስታ ነው።

አሁን ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ። ታናሼ ነው። ገላን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አንድ ቀን ተነስቶ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ድንበር ከተሻገረ በኋላ አንድ ጊዜ ደውሎ ስደርስ እደውላለሁ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ደላላው ስልኩን ዘጋ። አብረውት የሄዱት ልጆች ቤተሰቦችም እንደኛው ይጠብቃሉ። እናቴ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች፤ መብራት የጠፋ እንደሆነ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ድረስ ሄዳ ቻርጅ አስደርጋ ትመለሳለች። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል የያዘችውን ጥላ ታነሳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ተሳስቶ የደወለ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥዕል ይታሰባል ወይ የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን ሥራና ቤት ለየብቻ የሚቀመጡ ይመስለኝ ነበር።

ካላየሁት አልሥልም፤ ልማዴ ነው። እውነተኛ እግር፣ በእውነተኛ በር ሥር ፎቶ ማንሳት ፈለግሁ፤ ከእኛ በር የተሻለ ደግሞ አላውቅም። እናቴ ተጂ ገበያ የምትሄድበትን ቀን ጠብቄ ጎረቤቶቻችንን ለመንኩ። የዕድራችን ዳኛ መጡ፤ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ ኦቦ እያለ የሚጠራቸው፣ ክረምት ከበጋ ቦት ጫማ የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። የማዕዘኑ ባለሱቅ በሸበጡ፣ የጎን ጎረቤታችንም ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች መጡ። ኦቦ ነገሩ አልጣማቸውም፤ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል እኮ ልጄ አሉኝ። ጎህ ሲቀድ ይቁሙልኝ ስላቸውማ በፍጹም አሉ፤ በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ በር ላይ የሚቆመው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ከኋላቸው ሳለች፣ እኔ ከውስጥ በሆዴ ተኝቼ አነሳኋቸው። ባለሱቁ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንጨርስ ይሄን ለእናቴ እንዳትነግሯት ብዬ አደራ አልኳቸው። እንዳትረበሽ ብዬ ነው።

የከሰዓቱን ብርሃን ኮምፒውተር ላይ ማለዳ አደረግሁት፤ ቢጫውን አውጥቼ ሰማያዊ አገባሁበት። ርእሱን በጥቁሩ በር ላይ በነጭ፣ በደረቅ ፊደል ጻፍኩት። ሽፋኑን ለጓደኛዬ ላክሁለት። ቆይቶ ስልኬን ደፍቼ አስቀመጥኩት ብሎ ጻፈልኝ። መደብሩ ላይ ሲወጣም የሚያልፈው ሰው መቆም ጀመረ። የውጭ አገር ሰዎች እነዚያ እግሮች የማን ናቸው ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ያገራችን ልጆች ግን አይጠይቁም፤ አንዱ ብቻ "አረ ባካችሁ" ብሎ ጽፎ ነበር። እኔም በሰው ባነር የማላገኘውን ኩራት ኮራሁ።

መደብሩ ያንኑ ሽፋን በተለያየ መጠን ይፈልጋል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቁንጽል። አንድ እሑድ ቤት ቁጭ ብዬ ረጅሙን ሳስተካክል እናቴ ከኋላዬ መጣች። ምሳ ልትጠራኝ ነው። ዞር ስል ወንበሩን ተደግፋ ስክሪኑን ታያለች።

"የኛ በር ነው" አለች።

አዎ፣ ለጌም ነው፣ ለጓደኛዬ አልኳት፤ ጌም ምን እንደሆነ፣ ሰው እንዴት ገንዘቡን ከፍሎ እንደሚፈራ ላስረዳት ሞከርኩ። አልሰማችኝም። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ለየቻቸው፤ ይሄ የኦቦ ቦት ነው፣ ይሄ የባለሱቁ ሸበጥ፣ ይቺ የጎረቤታችን ናት፣ የግራ ማሰሪያዋ በክር የተሰፋ። እውነቷን ነው፤ ክሩን ለማጥፋት አልተጋሁም ነበር፣ ያምራል ብዬ። ከዚያ ምሳው ይቀዘቅዛል ብላ ወጣች። በላን፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስታወራ አለፈልኝ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤታችን ዘንድ ሄዳ አፋጠጠቻት። ያቺ ምስኪን ሴት መዋሸት ስለማይሆንላት አዎ፣ አንቺ ተጂ የሄድሽ ቀን በርሽ ላይ ተሰብስበን ነበር፣ እንዳንነግርሽ ተብለን ነው አለቻት። ማታ ከሥራ ስመለስ እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀችኝ። መብራቱን አላበራችም።

"መቼ ነው የምታረዱኝ?" አለችኝ።

እኛ ዘንድ የሞት ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ለጎረቤት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ የሐዘኑ ባለቤት ብቻ ሳታውቅ ቀናት ያልፋሉ። ሽማግሌዎቹ ከጀርባዋ ይመካከራሉ፣ ቀን ይመርጣሉ፣ ከቤተሰቡ ለአንዱ አስቀድመው ይነግሩና ዝም በል ይሉታል። እስከዚያች ማለዳ ድረስ የጠየቀችው ሁሉ ደህና ነው ይላታል። እናቴ ይሄን ሁሉ ገጣጥማ ነበር፤ እኔ አስቀድሞ የተነገረኝ ነኝ፣ ሥዕሉ ደብቄ ደብቄ ከሆዴ ያመለጠኝ ነው። ምንም አልሰማሁም ብዬ ማልኩ፣ ለመንኩ፣ በመጨረሻም ተቆጣሁ። ግን የተነገረው ሰውስ ከዚህ የተለየ ምን ይላል? እያንዳንዱ ክህደቴ ለእሷ ማስረጃ ሆነ።

ለጓደኛዬ ደውዬ ሽፋኑን አውርድልኝ አልኩት። ምክንያቱን ስነግረው ምንም ሳይከራከር አወረደው፤ ባዶውን በር፣ ያለ እግር አደረገበት። የሚያልፈውም እንደ ድሮው ማለፍ ጀመረ። ለእናቴ አጥፍቼዋለሁ ብዬ ባዶውን ባሳያት የባሰ ሆነ፤ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ለምን ደበቅሽው አለችኝ።

አላለቀሰችም። ሳሎኑን ባዶ ማድረግ ጀመረች፤ ትልቁን ሶፋ ወደ ጓዳ አስገፋችኝ፣ አግዳሚዎቹን አጠበች፣ ጥቁር ቀሚሷን አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቀለች። ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ስልኳን ነው። አንድ ጠዋት መደርደሪያው ላይ ጠፍቶ አገኘሁት፤ ቻርጅ አላደረገችውም። ልሰካው ስል ተይው፣ ለማን ብለሽ ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የምር የደነገጥኩት። ወንድሜ የሚያውቀው ቁጥር ያ ብቻ ነው። እናቴ መጠበቅ ካቆመች በዚህ ምድር ላይ እሱን የሚጠብቀው ማን ነው?

ኦቦን ለመንኳቸው። ማለዳ እንዳይመጡ፣ ብቻቸውን እንዲመጡ፣ ነጠላ እንዳይለብሱ ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ በኮታቸው መጡና በሩ ላይ ሆነው በኦሮምኛ "አካም ኦልተን?" ብለው ውሎዋን ጠየቁ፤ እናቴም "ነጋ፣ ደህና፣ ይግቡ" ብላ አስገባቻቸው። ስለ ልጇ ምንም እንዳልሰሙ፣ የሰማ ሰውም እንደሌለ፣ ያ ነገር የእኔ ቀልድ እንደሆነ ነገሯት። ለሞት ሥርዓት አለን፤ ሰዓት አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ የነጠላ አደራረብ አለው። "አናውቅም" የሚባልበት ሥርዓት ግን የለንም፤ ሽማግሌው የሚይዙትን አጥተው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክሩ ነበር። እናቴ በጨዋ ደንብ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

"የባለቤቴም ጊዜ አንቱ ነበሩ" አለቻቸው። "ዋዜማውን ተሽሎታል ብለውኝ አደሩ።"

ኦቦ አንገታቸውን ደፉ። እውነት ነበር። ከተቀመጡበት ሲነሱ ሽማግሌነታቸው ያን ቀን ጎልቶ ታየኝ፤ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ቤቱ ውስጥ እርስ በርስ እየተጠባበቅን ኖርን። ሥራ ቦታ የሙት ዓመት ባነር ሲመጣ አብራኝ ለምትሠራው ልጅ አሳልፌ እሰጥ ጀመር። አንድ ጠዋት ቦርሳዬን አንግቼ ልወጣ ስል እናቴ ጠራችኝ። ተቀመጪ አላለችኝም። ፊቷ የተረጋጋ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችበት ነገር ነው።

"ሌላ አልጠይቅሽም" አለች። "ወንድሜ ይሙት በይ።"

ይህቺን መሐላ ስውጣትና ስተፋት ነው ያደግሁት። ባነሩ ነገ ይደርሳል፣ ወንድሜ ይሙት። መልስ አልሰጠኸኝም፣ ወንድሜ ይሙት። ወንድሜ ራሱ እየሰማኝ ስንቴ ገደልሽኝ እያለ ይስቅ ነበር። እውነቱም በእጄ ነው፤ ማንም ምንም አልነገረኝም። አንድ ጊዜ ብዬው መገላገል፣ እናቴንም መገላገል፣ ያ ስልክ እንደገና እንዲሰካ ማድረግ እችል ነበር።

"ወንድሜ" አልኩና ቀረሁ።

ቃሏን አፌ ውስጥ ይዤ ቆምኩና ያን ጊዜ ራሴን አወቅሁ። ያንን ሽፋን የሠራሁት ለጌም አልነበረም። ከወራት ጀምሮ በየማለዳው፣ ከአልጋዬ ሳልነሳ፣ በር ላይ ኮቴ ሳዳምጥ ነበር የሚነጋልኝ። ከእናቴ የደበቅሁት ወሬ የለም፤ የደበቅሁት እሷ ስትጠብቅ እኔ መተዌን ነው። እሷ ደግሞ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም።

"እኔ ልሙት" አልኩ በመጨረሻ። "እኔ ልሙት እማዬ፣ ምንም አልሰማሁም።"

"አንቺማ ይኸው አለሽ" አለች።

ተነስታ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። ጥለቱን ፈልጋ አገኘችው፣ አዘቅዝቃ ወደ አንገቷ አደረገችው፣ ቀስ ብላ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችው። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ግን የተዛነፈ የቦርሳዬን ማንገቻ አቃናችልኝ።

"ስታልፊ ለኦቦ አውቃለች በያቸው" አለችኝ። "ያን ሁሉ ሰው በብርድ እንዳያስነሱት።"

ወጣሁ። ለኦቦ የምነግራቸው ነገር ግን አልነበረኝም።